የዚሉ ቺንጋ ለምን አይበረክትም? ፑሊውስ ለምን አልወልቅ አለ?

ጥያቄ፦ «ዚል 131 አለኝ። ከጨረታ የተገዛ አሮጌ የጦር መኪና ነው። ከኮምቦልቻ አሸዋ ጭኜ ደሴ አወጣለሁ። ቺንጋ አልበረክትለት አለ። አዲስ ባስገባም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጎኑ ይተለተልና ወይ ይገለበጣል ወይ ይበጠሳል። ወፈር ያለ የወፍጮ ቺንጋም ሞክሬ ነበር፤ ያው ነው። ሲጮህ ደረቅ ሳሙና እናስነካዋለን። ዲናሞው ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ስገዛውም እንደዚያው ነበር። የታችኛው ፑሊ ጠርዙ ተሸርፏል። እናውጣው ብለን በመዶሻ መታነው፣ በእሳት አሞቅነው፤ ንቅንቅ አላለም። ረዳቴ አብሽር፣ ይሠራል ይለኛል። አየር ቢያልቅም ፍሬኑ ራሱ ይይዛል እያሉኝም ነው። ለጊዜው ቺንጋ እየቀየርኩ ብሠራበት ምን ችግር አለው? ፑሊውንስ እንዴት ላውጣው?» ከኮምቦልቻ

ምላሽ፦ ቺንጋ እየቀያየሩ መሥራት አይቻልም። መኪናው ይቁም። በተለይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት፣ ጭነት ይኑረውም አይኑረው፣ በዚህ ሁኔታ መውረድ የለበትም። ይህን የምለው ለሞተሩ አዝኜ አይደለም። የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው።

የሞተር ቺንጋ ሲባል ለብዙ ሰው ዲናሞና ፋን ብቻ ነው የሚታየው። ቢበጠስ ባትሪ አይሞላም፣ ውሃ ይፈላል፣ ዳር ይዞ መቆም ነው። በትንሽ መኪና ልክ ነው። ዚል 131 ላይ ግን ሌላ ነው። ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ፣ ማለትም ከታችኛው፣ የሚነሱት ቺንጋዎች የውሃ ፓምፑን ከነፋኑ፣ ዲናሞውንና የመሪውን ፓምፕ ያዞራሉ። የአየር ኮምፕረሰሩ የራሱ ቺንጋ አለው። እሱ ግን የሚነሳው ከታች ሳይሆን ከውሃ ፓምፑ ፑሊ ነው። ስለዚህ የኮምፕረሰሩ ቺንጋ አዲስ ቢሆንም እንኳ የታችኞቹ ከተንሸራተቱ ኮምፕረሰሩ አብሮ ይሰንፋል። የውሃ ፓምፑ ካልዞረ ኮምፕረሰሩም አይዞርም።

ኮምፕረሰር ካልዞረ አየር አይሞላም። ፍሬን በረገጡ ቁጥር ያለው አየር እየቀነሰ ይሄዳል። እዚህ ላይ «ራሱ ይይዛል» ያለዎት ሰው ያሳሳተዎትን ላርም። ሲኖትራክና ሌሎቹ አዳዲስ የጭነት መኪኖች የኋላ ጎማ ላይ የስፕሪንግ ፍሬን አላቸው። አየር ሲያልቅ ስፕሪንጉ ራሱ ፍሬኑን ይጨብጠዋል፤ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ዚል 131 ይህ የለውም። በዚል አየር ካለቀ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይረገጣል፣ ጎማው ግን አይያዝም። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ የሚይዝ ነው። የተሠራው የቆመ መኪና እንዲይዝ ነው። አሸዋ የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ እየሄደ በሱ ላቁመው ማለት ዘንጉንም ፍሬኑንም መስበር ነው።

መንገዱን ደግሞ ያውቁታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ያ ሁሉ ኩርባ ላይ ፍሬን ይረገጣል። ሲወጡም ሌላ ጣጣ አለ። ባለ 6 ሊትር ባለ 150 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር አሸዋ ጭኖ በከባድ ማርሽ ሲያዘግም በራዲያተሩ የሚያልፍ ነፋስ የለም። ሁሉንም የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ነው፤ ፋኑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። በዚያ ላይ ክፍት ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንደ ባሕር ጠረፍ 100 አይደርስም። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይይዝ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ የቻለው ሞተር ደሴ መግቢያ ላይ ይፈላብዎታል።

አሁን ወደ ቺንጋው። ቺንጋው በሽተኛ አይደለም። የሚገድለው ሌላ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚጥሉትን አሮጌ ቺንጋ አንስተው በደንብ ቢያዩት የሞተበትን ምክንያት ራሱ ይነግርዎታል። ሁለቱም ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ሲንሸራተት ነው የኖረው። የውስጥ ሆዱ ከተሰነጣጠቀ ሙቀትና እርጅና ነው። አብጦ፣ ለስልሶ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ዘይት ነክቶታል። ገና አዲስ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተቆረጠ ሲገባ በካቻቪቴ ተፈልቅቆ የገባ ነው፤ የውስጥ ክሩ ያኔ ነው የተበጠሰው። አንድ ጎኑ ብቻ ተተልትሎ ክር ካንጠለጠለና ከተገለበጠ ደግሞ ፑሊዎቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። እርስዎ የጻፉልኝ ይሄኛውን ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዲናሞው ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ዲናሞ ፑሊው ወርዱም፣ ከመያዣው ያለው ርቀትም ከዚሉ ጋር እኩል አይሆንም። የገጠመው ሰው ቡሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ከገባለት በቂው ነው ብሎ ይሆናል። ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ሲባጎ ከታችኛው ፑሊ ፊት እስከ ዲናሞው ፑሊ ፊት ያስጠጉ። የፑሊዎቹ ጠርዝ ውፍረት ከተለያየ ጠርዙን ትተው ከቦይ መሃል እስከ ቦይ መሃል ይለኩ። በየ10 ሴንቲሜትሩ ርቀት ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከወጣ ወይም ከገባ ቺንጋው በጎኑ እየተፋቀ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከመያዣው ሥር ሮንዴላ መጨመር ወይም መቀነስ ብቻ ነው። የዲናሞው ፑሊ ወርዱ ከቺንጋው ጋር ካልገጠመ ግን ሮንዴላ አያድነውም፤ ፑሊው ይቀየር።

ሁለተኛው የውሃ ፓምፑ ኩሽኔት ነው። ቺንጋውን አውልቀው የፋኑን ሁለት ክንፍ በእጅዎ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያነቃንቁት። ካንቋቋ ወይም ካረገረገ ኩሽኔቱ አልቋል። ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነም ያው ነው። ኩሽኔቱ ያለቀ ፓምፕ ላይ ፑሊውን የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይጋደላል። እጅዎ ከገባ አይቀር የኮምፕረሰሩንም ፑሊ በእጅ አዙሩት። መጭመቁ ይሰማል፤ ግን ታንቆ የሚይዝ ነገር ካለ ወይም የመውጫ ቧንቧው በካርቦን ከተደፈነ ያ ኮምፕረሰር ቺንጋ ያቃጥላል።

ሦስተኛው የፑሊው ቦይ ነው፤ በእርስዎ መኪና በኔ ግምት ትልቁ እሱ ነው። አሸዋ የሚጭን መኪና ወንዝ ዳር ይውላል። ፋኑ ያንን እርጥብ አሸዋ ይረጨዋል። ቦይና ቺንጋ መካከል የገባች አሸዋ ቀኑን ሙሉ ብረቱን ትሞርደዋለች። የእጅ ባትሪ አብርተው ቦዩን ይዩት። የቦዩ ሁለት ግድግዳ ቀጥ ብሎ፣ ወለሉ የደበዘዘ ወይም የዛገ ቢሆን ጤነኛ ነው። ግድግዳው መሃሉ ላይ ጎድጎድ ካለ፣ ወለሉ ደግሞ ተወልውሎ ካብለጨለጨ ፑሊው አልቋል። ቺንጋ የሚሠራው በጎኑ ነው። ሽብልቅ እንጨት ውስጥ ገብቶ እንደሚነክሰው ሁሉ በሁለት ጎኑ ቦዩን ይነክሳል። ሆዱ ወለል ነካ ማለት ጎኑ መንከሱን ተወ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢወጥሩት ይንሸራተታል። አብዝተው ሲወጥሩት ደግሞ የፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔት ይጨርሰዋል።

የወፍጮው ቺንጋ ያልሠራውም በዚሁ ነው። የወፍጮ ቤት ቺንጋ አብዛኛው ቢ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የጀርባው ወርድ 17 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 11። ቦይዎ ለሱ ካልተቆረጠ ወይ ከላይ ተንጠልጥሎ በጠርዙ ብቻ ይይዛል፣ ወይ አይገባም። ልኩ ከገጠመም የተሠራው ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ በአንድ ፍጥነት ለሚዞር ወፍጮ ነው። ከራዲያተር ኋላ ያለውን ሙቀትና የዘይት ብናኝ ብዙ አይችልም። መንገድ ላይ ቀርተው ጋራዥ እስኪደርሱ ቢያስገቡት አልቃወምም። ተረጋግተው ሊሠሩበት ግን አይሆንም። ትክክለኛ ቺንጋ ቦዩ ውስጥ ሲቀመጥ ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል ወይም ጥቂት ከፍ ይላል። ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ቺንጋ ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ካለቀ ቦይ የወጣ ቺንጋ ወርዱ ይዋሻል። የቦዩን አፍ ወርድ በካሊፐር ለክተው ይሂዱ።

ሳሙናውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ጩኸቱን ለሰዓታት ያጠፋል፣ መንሸራተቱን ግን አያጠፋም። ደርቆ ከአቧራው ጋር ሲቀላቀል ቦዩን የሚሞርድ ሌላ አሸዋ ይሆናል። ጩኸቱ ደግሞ ማስጠንቀቂያዎ ነበር።

አሁን ወደ ፑሊው እንሂድ። መዶሻና እሳት ስለነካው መጀመሪያ የደረሰውን ጉዳት ይፈትሹ። የኮሎ ፑሊ ከፊት ሲመታ ምቱ ፑሊው ላይ አይቀርም። ኮሎውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የፊትና የኋላ ጨዋታውን በሚይዙት ቀጫጭን ብሮንዚኖች ላይ ያርፋል። ረዳትዎ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሪሲዮን ደጋግሞ ይርገጥ፤ እርስዎ የታችኛውን ፑሊ ይዩ። ዓይን የሚያየው ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ጉዳዩ ከፑሊ አልፏል። ሞተሩ ሳይከፈት አይሆንም፤ አዲስ ፑሊ ገዝተውም ገንዘብዎን አያባክኑ። ካልተንቀሳቀሰ እሰየው። እሳቱም የዘይት ሲሉን ሳያበላሸው አይቀርም። ከፑሊው ኋላ ያለው ጎማ ሲል ከ120 ዲግሪ በላይ ብዙ አይችልም፤ ኦክሲጅን የነካው ብረት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከፑሊው ጀርባ ትኩስ ዘይት ካዩ ቺንጋዎን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ይህ የቤንዚን ሞተር መሆኑንም አይርሱ። የቤንዚን ቧንቧና ካርቡሬተር አጠገብ እሳት ማቀጣጠል መኪናውንም ሰውንም ማጣት ነው። ሁለተኛ እንዳይሞከር።

ሳያወልቁት በፊት ምትኩን በእጅዎ ያስገቡ። አውልቆ መፈለግ መኪናውን ወራት ያስቆመዋል። የመጀመሪያ ምርጫዬ ከፈረሰ ዚል የወጣ፣ ቦዩ ያላለቀ ኦሪጅናል ፑሊ ነው። ሲቪሉ ዚል 130ም የዚያው ሞተር ቤተሰብ ስለሆነ ከሱም ሊገኝ ይችላል። ግን በዓይን ተመሳሰለ ብለው አይግዙ። የመሃል ቀዳዳው ስፋት፣ የቺያቬታው (ፑሊውን ከኮሎው ጋር የሚያቆልፈው ትንሽ ብረት) ማረፊያ ወርድ፣ የቦዮቹ ብዛት፣ ከጀርባው እስከ መጀመሪያው ቦይ ያለው ርቀት፤ አራቱም ይለኩ። የመጨረሻው በሁለት ሚሊሜትር እንኳ ቢለይ የሸሹት መጋደል ተመልሶ ይመጣል።

ካልተገኘ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት) አለ። ደሴም ኮምቦልቻም ጥሩ ቶርኒተሮች አሉ። ያለቀውን ቦይ ማስላጥ የሚቻለው ግድግዳው ገና ወፍራም ከሆነ ብቻ ነው። ሲላጥ ቺንጋው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የቦዩ ወለልም አብሮ መጥለቅ አለበት፤ ያ ካልሆነ ሆዱ ወለል ይነካል። የቦዩ ማዕዘን እንደ ፑሊው ስፋት ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ነው። የቺንጋው 40 ስለሆነ ቦዩንም 40 አድርገው የሚቆርጡ አሉ። ቺንጋ ሲታጠፍ ጎኑ ስለሚጠብ ይህ ስህተት ነው፤ ልኩን ነግረው ያሠሩ። የእርስዎ ግን ጠርዙ የተሸረፈ ነው። የተሸረፈን ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የተጣለ ብረት) በብየዳ ሞልቶ ማስላጥ አልመክርም። ጊዛ ተበይዶ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል፤ ሲሽከረከር ቁራጩ ተወርውሮ ራዲያተር ይበሳል፣ ሰውም ይመታል። ስለዚህ ለእርስዎ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ደህና አሮጌ ኦሪጅናል ወይም ከደንደን ያለ ብረት ሙሉ በሙሉ አዲስ የተላጠ። አዲስ የተላጠው አንድ ጎኑ እንዳይከብድ ቶርኒተሩ ዙሪያውን እኩል ማውጣቱን ያረጋግጡ።

ማውለቁ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ጉልበት አይደለም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ውሃው ይውረድ። ራዲያተሩንና ፋኑን ያውጡ። «በጠባቡ ቦታ እንደምንም» የሚለው ነው ጠርዙን ያሸረፈው። ቺንጋዎቹን ከማውለቅዎ በፊት አካሄዳቸውን በስልክ ፎቶ አንሡ። የላይኛው ፑሊ ከፋኑ ጋር በቡሎን የታሰረ ስለሆነ አያስቸግርም። አስቸጋሪው የታችኛው ነው።

የማኖቬላ (የእጅ ማስነሻ) ጥርስ ያለውን ትልቁን ቡሎን ለመፍታት ሞተሩ መያዝ አለበት። 5ኛ ማርሽ አስገብተው የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ዘንጉን ስለሚይዘው ሞተሩ አይዞርም። ቡሎኑ የሚፈታው ወደ ግራ ነው። መታጠፊያ መቆለፊያ ካለው አስቀድመው ያቃኑት። ቺያቬውን ሻንሲው ላይ አስደግፎ ስታርተር በመምታት የሚፈቱ አሉ። እዚህ አይሞከር፤ ቺያቬው ሲያመልጥ እጅ ይሰብራል። ረጅም ቧንቧ ሰክተው በቀስታ ይጫኑት።

ከዚያ ፑሊውንና እምብርቱን (ኮሎው ላይ የሚገባውን የመሃል ክፍል) ይዩ። አንዳንዱ ፑሊ እምብርቱ ላይ በቡሎን የታሰረ ነው። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ቡሎኖቹን ፈትተው ፑሊውን ብቻ ማውጣት ይችላሉ፤ እምብርቱን ከነካኩት ግን ሲሉንም ይቀይሩ። አብሮ የሚወጣ ከሆነ ኮሎው እምብርቱን በሚነካበት ክብ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያፍስሱ። ካጡ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለው ይጠቀሙ፤ ቤንዚን ግን አይሆንም፤ ወዲያው ይተናል፣ አያለሰልስም። አፍስሰው ያሳድሩት። ጠዋትና ማታ ይድገሙት፤ በየመሃሉ እምብርቱን እንጂ ጠርዙን ሳይሆን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ነካ ነካ ያድርጉት። የሚፈለገው ንዝረቱ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቢፈጅም ይጠብቁ። መኪናው የቆመው ለሱ ነው።

ባለ ሦስት ጥርስ ፑለር (ማውለቂያ) ጠርዙ ላይ አያስይዙ። ጊዛ ነው፤ ሌላውንም ጎን ያሸርፉታል። መጎተት ያለበት እምብርቱ ነው። እምብርቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ካሉ የተሠሩት ለዚሁ ነው። ከሌሉ ቶርኖ ቤቱ በእኩል ርቀት ቀዳዳ ቀድቶ ጥርስ ሊያወጣባቸው ይችላል፤ መሰርሰሪያው ግን አልፎ የኋላውን ክዳን እንዳይነካ ጥልቀቱ አስቀድሞ ይለካ። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ መሃሉን ለትልቅ ቡሎን፣ ጎኖቹን ለእምብርቱ ቡሎኖች አስበስተው ፑለሩን ራሱን ማሠራት ይቻላል። የመሃሉ ቡሎን በቀጥታ የኮሎውን ጥርስ እንዳያበላሽ ጫፉ ላይ ወፍራም የብረት ቁራጭ ያስቀድሙ። ከዚያ ያጥብቁና ይተዉት። ሲወጠር የመሃሉን ቡሎን ራስ አንዴ መታ ያድርጉት። ሩብ ዙር ጨምረው እንደገና ይጠብቁ። ጠቅ ብሎ የሚለቅበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ምትኩም እጅዎ ላይ ካለ፣ ፑሊው ይሰዋ። የሚጣል ስለሆነ አያሳዝንም። ከቺያቬታው በላይ ባለው መስመር እምብርቱን ሰርስረው ያሳሱትና በመሮ ይሰንጥቁት። ሲሰነጠቅ ኮሎውን ይለቀዋል። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ሰው ይያዘው። መሰርሰሪያው ኮሎውን ከነካ በፑሊ ፋንታ ኮሎ ነው የሚገዙት።

ከወጣ በኋላ የዘይት ሲሉን ሳይቀይሩ አይመልሱ። እዚያ ድረስ ሁለተኛ መግባት አይፈልጉም። ኮሎውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ቺያቬታው ማረፊያው ውስጥ የሚንቀዋለል ከሆነ አዲስ ይሠራለት፤ የላላ ቺያቬታ ፑሊውን እያወዛወዘ ኮሎውን ይበላዋል። አዲሱን ፑሊ በመዶሻ አያስገቡ። በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ያ ሙቀት ቀዳዳውን በጥቂቱ ያሰፋዋል፤ ሲሉንም አይጎዳም። ወፍራም ጓንት አድርገው፣ ውሃውን ጠርገው፣ ኮሎውን ስስ ዘይት ቀብተው ያስገቡት። የቀረውን ትልቁ ቡሎን እየተጠበቀ ይስበው።

ቺንጋዎቹ ሁሉም አንድ ላይ ይቀየሩ። አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን ሲሠሩ ሥራው ሁሉ አዲሱ ላይ ይወድቃል። ሲያስገቡ ዲናሞውን፣ የመሪውን ፓምፕና ኮምፕረሰሩን እስከመጨረሻው ያላሉ፤ ቺንጋው በእጅ መግባት አለበት። በእጅ ካልገባ አጥሯል፣ ካቻቪቴ አያንሡ። ዲናሞውን ሲወጥሩ የብረቱን ቤት በዘንግ አይፈልቅቁት፤ ይሰነጠቃል። የኮምፕረሰሩ ቺንጋ የሚወጠረው ራሱን ኮምፕረሰሩን ከማረፊያው ላይ በማስተካከያ ቡሎን በማንሸራተት ነው፤ የማሰሪያ ዳዶዎቹን ላላ ማድረግ አይርሱ። ከሁለት ፑሊ መሃል በአውራ ጣት በደንብ ሲጫኑት የዲናሞውና የመሪው ቺንጋ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይርገብ። የኮምፕረሰሩ አጠር ስለሚል ከዚያ ያነሰ። ከዚያ ሲባጎውን እንደገና ዘርግተው መስመሩን ይዩ።

ሞተሩን ሲያስነሱ ጋቢም ሽርጥም ከፋኑ አጠገብ አይኑር። ግማሽ ሰዓት ያሠሩትና አጥፍተው ውጥረቱን ይፈትሹ፤ አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ቀን ይረግባል። ኮምቦልቻ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ባዶውን ይንዱትና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና ይወጥሩት። ከዚያ በፊት ጭነት የለም።

ደሴ ለመውጣት ከመነሳትዎ በፊት የአየር ጌጁን ይዩ። 6 ኪሎን አልፎ መሙላት አለበት። ሞተሩን አጥፍተው ፍሬኑን እስከመጨረሻ ረግጠው ይያዙ፤ ጌጁ መጀመሪያ ትንሽ ይወርድና ይቆማል። መውረዱን ከቀጠለ ሌላ ቦታ የሚያፈስ አለ፣ ኮምፕረሰሩ ብቻውን አይወጣውም። ሞተሩ በርቶ ሦስት አራት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ጌጁ ቶሎ ካልተመለሰም ቺንጋው ወይም ኮምፕረሰሩ ገና አልተስተካከለም፤ ወደ ጋራዥ ይመለሱ። ከደሴ ሲመለሱም ሐረጎ ላይ ከመውረድዎ በፊት ዳር ይዘው ይህንኑ ይድገሙት፤ በወጡበት ከባድ ማርሽም ይውረዱ።